ሙዚቃ ማጫወቻ ለሚጀምሩ፦ የቱን መምረጥ፣ እንዴት የራስ ማድረግ

"ሙዚቃ ማጫወቻ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔም አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ዘፈኖችህ አሁን የት ነው ያሉት? አብዛኛው ሰው ይህን አስቦበት አያውቅም። ስለ ስክሪኑ፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ቀለሙ ሲያነብ ይከርምና ዕቃውን ገዝቶ ቤቱ ሲገባ የሚጭንበት ዘፈን ያጣል፤ ወይም ያለው ዘፈን አልጫወት ይለዋል። ስለዚህ ንጽጽሩን ከዕቃው ሳይሆን ከዘፈኑ እጀምራለሁ።

ዘፈኑ ከየት ይመጣል?

ሙዚቃ የምትሰሙት በየወሩ በሚከፈልበት መተግበሪያ ከሆነ፣ እዚያ ውስጥ "አውርድ" ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ዘፈን በእጃችሁ ያለ ፋይል አይደለም። ተቆልፎ ነው የተቀመጠው፤ ቁልፉም ያለው ያው መተግበሪያ ዘንድ ነው። ወደ ሌላ ዕቃ ብትገለብጡት አይከፈትም፤ ክፍያውን ስታቆሙም አብሮ ይቀራል። ከሲዲ ያወጣችሁት፣ በፋይል መልክ ገዝታችሁ ያወረዳችሁት ወይም ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የቀዳችሁት ዘፈን ግን ወደ የትኛውም ማጫወቻ ይሄዳል።

ይህ ልዩነት ብቻውን ምርጫውን በግማሽ ይቀንስላችኋል። የምትሰሙት ሁሉ መተግበሪያ ላይ ከሆነ ተራውን፣ መተግበሪያ የማይጫንበትን ማጫወቻ፣ ከዝርዝሩ አውጡት። ፋይሎች ካሏችሁ ግን ሁሉም በር ክፍት ነው።

ተራው ማጫወቻ፣ አንድሮይዱ ወይስ አሮጌው ስልክ?

ሶኒ ዎክማን የተባለውን የኪስ ካሴት ማጫወቻ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በፋይል የሚሠሩት የመጀመሪያዎቹ የኪስ ማጫወቻዎች በ1998 መጡ፤ በ2001 አፕል 5 ጊጋባይት የሚይዘውን የመጀመሪያውን አይፖድ አወጣ። በ2022 አፕል የመጨረሻውን አይፖድ ሲያቆም ብዙ ሰው የኪስ ማጫወቻ ነገር ያበቃለት መስሎት ነበር። አላበቃም። ዛሬም ይሠራሉ፣ ይሸጣሉ፤ ሶኒ ራሱ ዎክማን የሚለውን ስም በአንድሮይድ ለሚሠሩ ማጫወቻዎቹ ይጠቀምበታል።

ተራው ማጫወቻ ቁልፍ ያለው፣ ስክሪኑ ትንሽ የሆነ፣ ከኢንተርኔት ጋር የማይተዋወቅ ዕቃ ነው። ትልቁ ጥቅሙ እጃችሁን ኪስ ከትታችሁ፣ ሳታዩት፣ በጣት ዳሰሳ ብቻ ዘፈን መቀየር መቻላችሁ ነው። መልእክት አይመጣበትም፣ ማንም አይደውልበትም፣ ሲበራም ጊዜ አይፈጅም። ብዙዎቹ ኤፍ ኤም ሬዲዮ አላቸው፤ አንቴናው የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ስለሆነ ግን ገመዱ ካልተሰካ ሬዲዮው አይሠራም። ጉዳቱ፣ ረጅም የዘፈን ዝርዝር ውስጥ በቁልፍ እየወረዱ መፈለግ ያደክማል፤ ፋብሪካው ያልሰጠውን ነገርም ልትጨምሩበት አትችሉም።

አንድሮይድ ማጫወቻ ስልክ አይደውል እንጂ አሠራሩ የስልክ ነው። መተግበሪያ ይጫንበታል፣ በዋይፋይ ይሰማበታል፣ በስክሪኑ ላይ ጽፎ መፈለግ ይቻላል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ባትሪውም ከተራው ቶሎ ያልቃል። አንድ ነገር ግን ሻጭ አይነግራችሁም፦ አንድሮይዱ ሲያረጅ መተግበሪያዎቹ መዘመን ያቆማሉ። ድምፁ እንደ አዲስ እያለ መተግበሪያው አልከፈት ያለበት ማጫወቻ አይቻለሁ። በዚህ ዓይነት ላይ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ የአንድሮይዱን ስሪት ከድምፁ ጥራት እኩል ቁጠሩት።

አሮጌ ስልክ ሦስተኛው ነው፤ ለጀማሪ ደግሞ የመጀመሪያ ምክሬ ይኸው ነው። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ስልክ ካላችሁ ሲሙን አውጡ፣ የማያስፈልጉትን መተግበሪያዎች በሙሉ አጥፉ፣ የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፤ አንድ ወር ተጠቀሙበት። ያን ጊዜ ቁልፍ እንደሚናፍቃችሁ ወይም ስክሪን እንደሚበቃችሁ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን ጀርባውን እዩት፦ ባትሪው አብጦ ክዳኑን ወይም ስክሪኑን ገፋ ካደረገ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጠቀሙበትም። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ቀዳዳ እንዳለውም አረጋግጡ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ፋይል ላለውና ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው ተራው ማጫወቻ፣ በመተግበሪያ ለሚሰማ አንድሮይዱ ይሻላል። የሁለቱ መካከል የሚባሉት፣ ስክሪናቸው በጣት የሚነካ ግን አንድሮይድ ያልሆኑ ርካሽ ዕቃዎች፣ ለጀማሪ አይመቹም። ስክሪናቸው ይዘገያል፣ ቁልፍም የላቸውም።

የውስጥ ማከማቻ ወይስ ሜሞሪ ካርድ?

ቢቻል ካርድ የሚቀበለውን ምረጡ። ዕቃው ቢበላሽ ካርዱን አውጥታችሁ ወደ ሌላ ትወስዱታላችሁ።

ካርድ ስትገዙ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው ፎርማት፣ ማለትም ካርዱ ፋይሎችን የሚያደራጅበት መንገድ፣ ነው። ከ4 እስከ 32 ጊጋባይት ያሉት ካርዶች ፋት32 በሚባለው ፎርማት ይመጣሉ፤ ከዚያ በላይ ያሉት በኤክስፋት። ብዙ ርካሽ ማጫወቻ ኤክስፋትን ስለማያውቅ ካርዱን "ባዶ ነው" ወይም "ስህተት አለው" ይላችኋል። ካርዱ አልተበላሸም፤ በፋት32 እንደገና ፎርማት ሲደረግ ብዙ ጊዜ ይነበባል። ፎርማት ማድረግ በላዩ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ አትርሱ።

ሁለተኛው አስመሳይ ካርድ ነው፤ ይህ እኔንም አግኝቶኛል። ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት የሚል ካርድ ገዛሁ፣ ኮምፒውተሩም 128 ነው አለኝ፣ ዘፈኖቼን በሙሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀበለ። ስከፍተው የመጀመሪያዎቹ አልበሞች ደህና ይጫወታሉ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ስማቸው ይታያል፣ ሲነኩ ግን ዝም ብለው ወደሚቀጥለው ይዘልላሉ። ካርዱ በእውነት የሚይዘው ከተጻፈበት እጅግ ያነሰ ነበር፤ ትርፉን ሁሉ ቦታ እንደሌለ ሳይናገር ውጦታል። አዲስ ካርድ ዘፈን ከመጫናችሁ በፊት በነጻ በሚገኝ መፈተሻ ሞክሩት፤ ኤፍ3 የሚባለው አንዱ ነው። ካርዱን ጥግ ድረስ ሞልቶ፣ የጻፈውን መልሶ አንብቦ፣ እውነተኛውን መጠን ይነግራችኋል። ትልቅ ካርድ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል፤ ሌሊት እንዲሠራ ተዉት።

ኤምፒ3 ወይስ ፍላክ?

ኤምፒ3 ፋይሉን የሚያሳንሰው ጆሮ ብዙም አያስተውለውም የሚባለውን የድምፅ ክፍል እየጣለ ነው። ፍላክ ምንም አይጥልም፤ አጣጥፎ ያስቀምጣል እንጂ። የ4 ደቂቃ ዘፈን ሲዲ ላይ እንዳለ ቢወሰድ 42 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ፍላክ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል፤ በሰከንድ 320 ኪሎቢት የሆነ ኤምፒ3 ደግሞ ወደ 10 ሜጋባይት። 32 ጊጋባይት ካርድ ከእነዚህ ኤምፒ3ዎች ሦስት ሺህ ያህል ይይዛል ማለት ነው።

መንገድ ላይ፣ በተራ የጆሮ ማዳመጫ፣ በ320 የተሠራን ኤምፒ3 ከፍላክ የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ከሲዲ ሳወጣ ኮምፒውተሬ ላይ በፍላክ አስቀምጣለሁ፣ ወደ ማጫወቻው የሚሄደውን ግን ኤምፒ3 አድርጌ እገለብጣለሁ። ከፍላክ ኤምፒ3 በማንኛውም ቀን መሥራት ይቻላል፤ ከኤምፒ3 ፍላክ መሥራት ግን የተጣለውን አይመልስም፣ ፋይሉን ማሳበጥ ብቻ ነው።

በፎልደር ወይስ በታግ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። ማጫወቻን "የእኔ" የሚያሰኘው የጀርባ ሥዕሉ ወይም ቀለሙ ሳይሆን የምትፈልጉትን ዘፈን በሦስት ንክኪ ማግኘታችሁ ነው፤ ያም የሚወሰነው ፋይሎቹን በምታሰናዱበት መንገድ ነው።

ማጫወቻው ዘፈን የሚያሳይባችሁ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ኮምፒውተራችሁ ላይ ያዘጋጃችሁትን ፎልደር እንዳለ ማሳየት ነው። ሁለተኛው በየፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን መረጃ፣ ታግ የሚባለውን፣ አንብቦ "ድምፃዊ"፣ "አልበም"፣ "ስልት" እያለ ራሱ መደርደር ነው። ታግ ፋይሉ ውስጥ ስለሚቀመጥ የፋይሉን ስም መቀየር ታጉን አይቀይረውም። ጀማሪዎችን የሚያደናግረው ይህ ነው፦ ኮምፒውተር ላይ ስሙን አስተካክለው ይጭኑታል፣ ማጫወቻው ላይ ግን ያው አሮጌው ስም ይመጣል።

የታግ ችግር ማሽኑ ፊደል እንጂ ሰው አለማወቁ ነው። በግዕዝ ፊደል ለምንጽፍ ደግሞ ጣጣው እጥፍ ነው። ፀሐይ የምትባል ድምፃዊት ሦስት አልበም አላችሁ እንበል። አንዱ ላይ "ፀሐይ"፣ ሌላው ላይ "ጸሐይ"፣ ሦስተኛው ላይ "ፀሀይ" ተብሎ ተጽፏል። ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለማጫወቻው ሦስት ሴቶች ናቸው፣ በዝርዝሩ ውስጥም ለየብቻ ይቀመጣሉ። ከስሙ በኋላ ሳይታወቅ የቀረ አንድ ባዶ ቦታ እንኳ ሌላ ሰው ይፈጥራል። የአጻጻፍ ልማዳችሁን አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ወስኑ፤ የትኛውን ፊደል እንደመረጣችሁ ሳይሆን ሁልጊዜ አንዱን መጠቀማችሁ ነው ቁም ነገሩ። የድምፃዊ ስም ቦታ ላይ "ከእገሌ ጋር" ብሎ መጨመርም አልበሙን ይበታትነዋል። የተጋባዡን ስም ርዕሱ ውስጥ ክተቱ፣ "የአልበም ድምፃዊ" የሚለውን ቦታ በሁሉም ዘፈን ላይ አንድ ዓይነት አድርጉ።

ይህን ሥራ በእጅ አንድ በአንድ መጨረስ አይቻልም። ኤምፒ3ታግ የሚባለው ፕሮግራም አንድ ሙሉ አልበም መርጣችሁ በአንድ ጊዜ እንድታርሙ ያስችላችኋል። ሙዚክብሬንዝ ፒካርድ ደግሞ ዘፈኑን በድምፁ አሻራ ለይቶ ከመረጃ ቋት ስሙን ያመጣል፤ በዚያ ቋት ውስጥ ያልገባን ዘፈን ግን በራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። ስትጨርሱ አንድ ፋይል ብቻ ጭናችሁ ስክሪኑ ላይ እዩ። ፊደሉ በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ከተተካ ታጉ አልተበላሸም፤ ማጫወቻው ውስጥ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ የለም ማለት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት በግዕዝ የተጻፈ አንድ ዘፈን በካርድ ይዛችሁ ሄዳችሁ ብትሞክሩት ብዙ ጸጸት ይቀርላችኋል።

ፎልደር ቀለል ይላል፤ እኔም ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። እሱም አንድ ወጥመድ አለው። ፋይሎቹን 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ከሰየማችሁ ብዙ ማጫወቻ 1ን ካጫወተ በኋላ ወደ 10 ይዘልላል፤ ቁጥሩን የሚያየው እንደ ፊደል ነውና። 01፣ 02፣ 03 በሉት። አንዳንድ ርካሽ ዕቃ ደግሞ ስምም አያይም፤ ወደ ካርዱ በተገለበጡበት ቅደም ተከተል ነው የሚያጫውተው። ለእሱ መፍትሔው ፎልደሮቹን በምትፈልጉት ተራ አንድ በአንድ መገልበጥ ነው።

አክስቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ስክሪን አያነቡም። የሰጠኋቸው ማጫወቻ በድምፃዊና በአልበም የተደረደረ፣ እኔን ደስ ያሰኘኝ ሥራ ነበር። ከሳምንት በኋላ "ልጄ፣ ዕቃህ ጥሩ ነው፤ ግን የምወደውን ዘፈን ሁልጊዜ ከእኔ ይደብቀዋል" አሉኝ። ቁጭ ብዬ ሲጠቀሙ አየኋቸው። አውራ ጣታቸው ቁልፉን በእርግጠኝነት ያገኘዋል፤ ስክሪኑ ላይ ምን እንደተመረጠ ግን አያዩም። ሁሉንም አጠፋሁና አራት ፎልደር ብቻ ሠራሁ። በእያንዳንዱ መጀመሪያ ላይ በራሴ ድምፅ የቀዳሁት አጭር ፋይል አለ፦ "አንደኛ፣ የድሮ ዘፈኖች"፤ "ሁለተኛ፣ ያለ ዘፈን፣ መሣሪያ ብቻ"። ፋይሉን 00 ብዬ ስለሰየምኩት ሁልጊዜ ቀድሞ ይጫወታል። አሁን ፎልደር የሚቀይረውን ቁልፍ ይጫኑታል፣ ድምፁ ይነግራቸዋል፣ ካልፈለጉት አንድ ጊዜ ደግመው ይጫናሉ። ስክሪኑ በርቶ ይሁን ጠፍቶ ግድ የላቸውም።

የአልበም ሥዕል

አልታይ ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መጠኑ ወይም የጄፔግ (የሥዕል ፋይሉ) ዓይነት ነው። ፕሮግሬሲቭ የሚባለውን ዓይነት የማይከፍቱ ማጫወቻዎች ብዙ ናቸው፤ በተራው ዓይነት፣ በ500 በ500 ፒክስል አካባቢ ድጋሚ አስቀምጡት።

ገመድ ወይስ ብሉቱዝ?

ለተራ ማጫወቻ ገመድ ይሻላል፤ ቻርጅ አይፈልግም፣ የማጫወቻውንም ባትሪ አይጋፋም። ብሉቱዝ ከመረጣችሁ፣ ማጫወቻውና ማዳመጫው ድምፁን የሚያመላልሱበት መንገድ አንድ መሆን እንዳለበት እወቁ። ሁሉም የሚያውቁት ኤስቢሲ የሚባለውን ነው፤ ኤኤሲ፣ አፕቲኤክስ፣ ኤልዳክ የሚባሉት ሌሎች ናቸው። ሳጥኑ ላይ ኤልዳክ የሚል ማዳመጫ ገዝታችሁ ማጫወቻው ካላወቀው ሁለቱ በሚጋሩት፣ አንዳንዴም በኤስቢሲ ብቻ፣ ይነጋገራሉ፤ ለስሙ የከፈላችሁት ትርፍ ነው።

ድምፁን ለጆሮ ማስተካከል

ኢኳላይዘር፣ የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ሴቲንግ፣ ስትከፍቱ የሁሉም ሰው እጅ መጀመሪያ ባስን ወደ ላይ ይገፋል። ድምፁ ለጊዜው ይሞላል፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ከፍ ባለው ቦታ ሁሉ መሰነጣጠቅ ይጀምራል፤ ማጫወቻው ሊያወጣ ከሚችለው በላይ ነው የጠየቃችሁት። ከመጨመር መቀነስ ይሻላል። ድምፁ የታፈነ ከመሰላችሁ 250 ኸርዝ አካባቢ ያለውን 2 ወይም 3 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉና የዘፋኙን ድምፅ ስሙ፤ ከግድግዳ ጀርባ ወደ ክፍሉ የገባ ያህል ይቀርባል። ዝግጁ ሆነው የሚመጡትን "ሮክ"፣ "ጃዝ" የሚሉትን ተዉአቸው፤ የእናንተን ማዳመጫ አያውቁትም።

ከኢኳላይዘር የሚበልጥ ጥቅም ያለው ግን ብዙ ሰው የማይነካው ሌላ ሴቲንግ ነው፦ ሪፕሌይጌይን። አንዱ ዘፈን ጸጥ ብሎ ሲያበቃ ቀጣዩ ጆሮን የሚያስደነግጥ ከሆነ መድኃኒቱ ይህ ነው። ኮምፒውተር ላይ፣ ለምሳሌ በፉባር2000፣ ዘፈኖቹን ታስለካላችሁ፤ ውጤቱ ታጉ ላይ ይጻፋል፤ ማጫወቻው ያንን አንብቦ ሁሉንም ወደ ተቀራራቢ ከፍታ ያመጣቸዋል። ማጫወቻው ይህን የሚያውቅ መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ በሁለት እኩል ዕቃዎች መካከል የምመርጠው በዚህ ነው።

የድምፅ ገደብም አብጁ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአዋቂ ያስቀመጡት መጠን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ለልጆች 75። በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፦ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10፣ 89 ላይ 5 ብቻ። ጫጫታ ውስጥ ሆናችሁ ድምፅ ከመጨመር ጆሮን በደንብ የሚደፍን ማዳመጫ መጠቀም ይሻላል። ለልጅ የምታሰናዱት ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ከፍተኛውን የድምፅ መጠን ቆልፉት፤ በኋላ የሚመለስ ጆሮ የለም።

ፋብሪካው የሰጠው ፈርምዌር ወይስ ሮክቦክስ?

ሮክቦክስ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ፣ በፈቃደኞች የሚሠራ ነጻ ፈርምዌር (ማጫወቻውን የሚያንቀሳቅሰው የውስጥ ፕሮግራም) ነው። አይፖድ ክላሲክንና የሳንዲስክ ክሊፕ ፕላስን ጨምሮ በተወሰኑ ሞዴሎች ላይ ይጫናል። መልኩን ትቀይሩበታላችሁ፣ ትረካ ካቆማችሁበት ይቀጥልላችኋል፣ ምናሌውንም በድምፅ ያነብባል፤ ይህ የመጨረሻው ማየት ለተሳነው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሞዴላችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ግን አትሞክሩት፤ የሌላ ዕቃ ፈርምዌር የተጫነበት ማጫወቻ ዳግም ላይነሳ ይችላል። ለጀማሪ ምክሬ የመጀመሪያዎቹን ወራት በፋብሪካው ፈርምዌር እንዲሠራ ነው፤ የጎደለውን ነገር ስሙን ጠርታችሁ መናገር ስትችሉ ያን ጊዜ ቀይሩ።

ዘፈን ስትጭኑ

ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ አንዳንዱ እንደ ፍላሽ ዲስክ ይታያል፣ አንዳንዱ ኤምቲፒ በሚባል መንገድ። የአፕል ኮምፒውተር ኤምቲፒን ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ስለማያውቅ፣ እሱን የምትጠቀሙ ከሆነ እንደ ፍላሽ የሚታየውን ምረጡ። ገመዱን ከመንቀላችሁ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ "ኢጀክት" የሚለውን ተጭናችሁ አስወጡት፤ በጽሑፍ መካከል የተነቀለ ካርድ የፋይል ማውጫው ሊበላሽ ይችላል።

ዋናው ስብስብም ኮምፒውተር ወይም ሌላ ዲስክ ላይ ይኑር፤ ማጫወቻው ላይ ያለው ቅጂ ብቻ ይሁን። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ካርድ አልነበብ አለ። አራቱ ፎልደሮች፣ ከነ00ዎቹ፣ ኮምፒውተሬ ላይ እንዳሉ ስለነበሩ ሌላ ካርድ ፎርማት አድርጌ፣ በዚያው ተራ አንድ በአንድ ገልብጬ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ መለስኩላቸው። ቁልፉን ተጫኑ፤ "አንደኛ፣ የድሮ ዘፈኖች" አለ።